ተረኛ ስሆን አትንገሩኝ

ጥቅምት 12

ስልኩ ሲጮኽ ጥርሴን እየቦረሽኩ ነበር። ጃለታ ነው፣ የጭነት አውሮፕላን ድርጅታችን ስምሪት ክፍል። «ሊሚ፣ ጅግጅጋ፣ መድኃኒት ነው። አንድ ሰዓት ተኩል አለሽ።» ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ቦሌ ለተከራየ ሰው ብዙ ነው። ቁስቋም ለሚኖር ሰው...

አባዬ ከእኔ ቀድሞ በር ላይ ቆሟል። ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ወጣ፣ አሁን እኔን ይነዳል። «ታክሲ እንዳትጠብቂ፣ በእግርሽ ሽሮ ሜዳ ውረጂ። ስድስት ኪሎ ላይ ከተዘጋ ከታክሲው ውረጂና እስከ አራት ኪሎ ሩጪ።» ዩኒፎርም ለብሼ! የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ለምደውኛል። አንዱ «ካፒቴን፣ አውሮፕላኑ ጥሎሽ ሄደ?» ይለኛል። ገና ረዳት አብራሪ መሆኔን ማን ያስረዳው።

በአንድ ሰዓት ከሃያ ሦስት ደቂቃ ደረስኩ። ስመለስ ለአባዬ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። «አምስት ደቂቃ አባክነሻል።»

አንድ ሺህ አራት መቶ ሁለት የበረራ ሰዓት ሞላሁ። ለካፒቴንነት ፈቃድ አንድ ሺህ አምስት መቶ ያስፈልጋል። እሱን ከያዝኩ መደበኛ በረራ ያለው ቦታ አመለክታለሁ። የምነሳበት ቀን የታወቀ፣ የምመለስበት የታወቀ... እንደ ሰው።

ጥቅምት 23

ጥሪ የለም። ሦስተኛ ቀኔ። ዩኒፎርም ለብሶ ሶፋ ላይ መቀመጥ ሥራ ነው? ሽንኩርት ልክተፍልሽ ስላት እማዬ «ልብስሽ ይሸታል፣ ተይው» ትላለች።

አባዬን ሐኪም ቤት ወንድሜ ለታ ወሰደው። ጋራዡ የራሱ ስለሆነ ሲፈልግ ዘግቶ ይወጣል። እኔ ልወስደው ነበር፣ ግን ስልኩ ቢጠራስ? አልጠራም። ልቡ ደክሟል አሉ። እግሩ የሚያብጠው ለዚያ ነው።

ንግሥት ደወለች፣ በረራ ትምህርት ቤት ያስተማረችኝ። የክፍል አስተማሪ ይፈልጋሉ። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ አሥር ሰዓት ላይ ቤቴ ነኝ። መብረር ግን የለበትም፣ ሰዓቴ እዚሁ ላይ ይቆማል። እስከ ኅዳር መጨረሻ አስቢበት አለችኝ።

ለአባዬ ነገርኩት። «መንዳት የፈለገ ሰው የትራፊክ ሕግ ያስተምራል እንዴ?» አለ። ሳቅን። ከዚያ ሳል ያዘውና ብዙ ቆየ።

ኅዳር 6

የቁስቋም ንግሥ! ዕድሜ ልኬን እዚህ ኖሬ እንዴት ረሳሁት? ጥሪው ሲመጣ መንገዱ በሙሉ ሕዝብ ነው፣ ታክሲ የሚባል ነገር የለም። እየተጋፋሁ ስወርድ ታቦቱ መጣ። ታቦት ሲያልፍ ማን ይሮጣል? አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ለአባዬ ጤና ልለምን ፈልጌ ነበር፤ ልቤ ግን ደቂቃ ይቆጥራል። አፈርኩ።

ሃያ ስድስት ደቂቃ አርፍጄ ደረስኩ። በእኔ ቦታ ሌላዋ ረዳት አብራሪ ሰምሀል ተነስታለች። ዋና አብራሪያችን ካፒቴን ኤርሚያስ ከመነሳቱ በፊት ለጃለታ ትእዛዝ ትቶለታል። ወይ ቦሌ አካባቢ ትከራይ፣ ወይ ሌላ ሥራ ትፈልግ።

ኅዳር 10

ገርጂ። አንድ ክፍል፣ ሁለት አልጋ፣ እኔና ሰምሀል። ስድስት ቀን እዚህ፣ ሁለት ቀን ቤት። ግድግዳው ላይ ምንም የለም። የሚመጣው ሁሉ ሊሄድ ነው የሚመጣው፣ ማን ሥዕል ይሰቅላል?

ስወጣ አባዬ ሻንጣዬን ሊሸከም ሞከረ። እንዳልቻለ ሲያውቅ ድሮም ለእኔ ሊሰጠኝ እንደነበር ሆኖ መሬት አስቀመጠው። እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ።

ሰምሀል አንድ ነገር አጫወተችኝ። ዓምና አንድ ረዳት አብራሪ ሊነሱ ሲሉ የአክስቱን ሞት በስልክ ሰማ። ኤርሚያስ ከመቀመጫው አስነስቶ አስወረደው። «ሐዘን ላይ ያለ ሰው አይበርም።» ልክ ነው። ግን ልጁ ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር አልተጠራም አለች።

ለታ ጋ ደወልኩ። «ተረኛ ስሆን መጥፎ ወሬ እንዳትነግሩኝ። ስመጣ እሰማለሁ።»

«የምርሽን ነው?»

«የምሬን ነው። ለደህንነት ነው፣ የሥራው ሕግ ነው።»

ለደህንነት... እዚህም ልዋሽ? ሰዓቴ እንዳይቀርብኝ ነው።

ኅዳር 25

ለንግሥት አልመጣም አልኳት። «ስንት ሰዓት ቀረሽ?» አለች። ስልሳ ሁለት። «ስልሳ ሁለቱ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ የሚቀርሽ ነገር ይመጣል» አለችኝ። ተናደድኩባት። ምን ቤት ናት?

ኅዳር 29

እረፍት። ቤት ነኝ። አባዬ አሁን የሚተኛው ተቀምጦ ነው፣ በሦስት ትራስ ተደግፎ። ዳገት እንደወጣ ሰው ይተነፍሳል።

«ከገርጂ በስንት ደቂቃ ትደርሻለሽ?» አለኝ።

«በሃያ።»

«ታዲያ ምን ችግር አለ...» አለና ፊቱን አዞረ። ቅር ብሎታል። ከእንግዲህ መንገድ አይመራኝም።

እግሩን በሞቀ ውኃ አጠብኩለት። ጣቴ ያረፈበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። ፈራሁ፣ በቃ ፈራሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ስምንት ሰዓት ላይ ጃለታ ደወለ። በእረፍቴ! «ሰው አጥቼ ነው፣ ድሬዳዋ ብቻ ደርሰሽ ተመለሺ።» ሄድኩ። ማንም አላስገደደኝም።

ታኅሣሥ 3

ጁባ። ጭነቱን አራግፈን ልንነሳ ስንል ከግራው ሞተር ዘይት ሲንጠባጠብ አየን። መለዋወጫው ከናይሮቢ ነው የሚመጣው። ኤርሚያስ ሆቴል ፈለገልን።

ቤት ደወልኩ። አባዬ ራሱ አነሳው። «የጁባ መንገድ እንዴት ነው?» በአየር ነው እኮ የመጣሁት አልኩት። ሳቀብኝ። ድምፁ ግን ከሩቅ ነው የሚመጣው።

ታኅሣሥ 4

ዕቃው አልመጣም። ለታ፦ «ደህና ነው። ተኝቷል።»

ታኅሣሥ 5

ዛሬም አልመጣም። ጠዋት ቤት ስደውል ከለታ ኋላ ብዙ ሰው ይሰማል።

«እንግዳ አለ?»

«ጎረቤት ነው፣ ሊጠይቁት መጥተው።»

«እስቲ ስጠው ላናግረው።»

«ተኝቷል አልኩሽ እኮ።»

እማዬስ? ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። እሺ... ጎረቤት ካልተለየው ጥሩ ነው።

ኤርሚያስ ያለወትሮው ምሳ ጋበዘኝ። ስለ አባቴ ጠየቀኝ። የት የት ነዳ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው። ብዙ ለፈለፍኩ። ስድስት ኪሎ ላይ ከታክሲ እያወረደ እንደሚያስሮጠኝ ስነግረው አልሳቀም። ሰውየው ቀልድ አይገባውም።

ታኅሣሥ 6

ዕቃው ደረሰ። ነገ ጠዋት እንነሳለን። ተመስገን።

ታኅሣሥ 12

እስክሪብቶ የያዝኩት ዛሬ ነው። እንደሆነው ልጻፈው።

ከጁባ ስንነሳ ኤርሚያስ «ዛሬ እኔ ልያዘው፣ አንቺ እረፊ» አለኝ። ሬዲዮውንም ራሱ ያዘው። ደስ አለኝ፣ ደክሞኝ ነበር። ይሄ ደስታዬ ነው አሁን የሚያንገበግበኝ።

ቦሌ ከሠራተኞች መውጫ ላይ ቆመዋል። ለታ፣ አክስቴ ብርቅነሽ፣ የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ስለሺ። ብርቅነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፣ ጥለቱ አንገቷ ሥር። ማንም ሳይናገር አወቅኩ። ጋሽ ስለሺ «ልጄ፣ እንግዲህ...» ብለው ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም። ጉልበቴ ተልጧል።

አባዬ ያረፈው ታኅሣሥ 4 ጠዋት ነው። የተቀበረው በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ። እኔ ያን ሰዓት ስለ እሱ እየለፈለፍኩ ምሳ እበላ ነበር። ከጁባ አዲስ አበባ በመንገደኛ አውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ያን ቀን ጠዋትም በረራ ነበር። ቢነግሩኝ ደርሼ እቀብረው ነበር!

ለታ ላይ ጮህኩበት፣ ለቀስተኛው ሁሉ እያየ። «እንዴት ትደብቀኛለህ? አባቴን!»

ዓይኑ አብጧል። «አንቺ አይደለሽ ያልሽው? የምርሽን ነው ብዬ አልጠየቅኩሽም?»

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

አባዬ እንዳረፈ ለታ ለጃለታ ደውሎለት ነበር። ጃለታ ለኤርሚያስ። ሁሉም ያውቁ ነበር። ኤርሚያስ ድንኳን ድረስ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «ብነግርሽ አትበሪም። ጁባ ላይ ሌላ ረዳት አልነበረኝም» አለ። ሊነሳ ሲል ደግሞ፣ «ቤተሰብሽም እንዳትነግራት ብሎኛል።» የትኛው እንደቀደመ አልጠየቅኩትም።

ማንን ልጥላ? ሁሉም ያደረጉት እኔ ያልኩትን ነው።

ጥር 13

የአባዬ አርባ። እማዬ «ተመለሺ ወደ ሥራሽ፣ ካፒቴን እንድትሆኚ ነበር የሚመኘው» አለችኝ። እሺ አልኳት። አርባ ስንት ሰዓት ነው የቀረኝ፣ ልጨርሰው። ሌላ ምን አለኝ?

የካቲት 19

ጠዋት ገርጂ ነበርኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ጃለታ ደወለ፣ ጎዴ። ለብሼ ጨረስኩና እማዬ ጋ ደወልኩ። አሁን ከመነሳቴ በፊት ሁልጊዜ እደውላለሁ።

«ደህና ነኝ» አለች።

«እውነት?»

«ደህና ነኝ አልኩሽ።»

ከኋላዋ ሰው ይሰማል። «ማነው?» «ጎረቤት ነው።»

ጎረቤት ነው... በሩን ከፍቼ ቆምኩ። ለጃለታ መልሼ ደወልኩ።

«አልበርም።»

«አመመሽ?»

«አላውቅም። አይቼ እነግርሃለሁ።»

«ምኑን ነው የምታዪው?» ዘጋሁበት።

ሽሮ ሜዳ ስደርስ የጃለታ መልእክት ገባ። ኤርሚያስ ከዝርዝሩ አውጣት ብሏል፣ ዕቃሽን መጥተሽ ውሰጂ ይላል። አንብቤ ኪሴ ከተትኩትና ዳገቱን ሮጥኩ።

እማዬ ደጃፍ ላይ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ምስር ትለቅማለች። ደህና ናት። እውነቷን ነበር! እኔ ላቅፋት ስሮጥ እሷ ዩኒፎርሜን አየች፣ ላቤን አየች፣ በዚህ ሰዓት መምጣቴን አየች። ብድግ ስትል ምስሩ ከነሰፌዱ ተደፋ።

«ማነው? ማን ሞተ? ለታ ነው?»

«ማንም አልሞተም፣ እማዬ።»

«አትደብቂኝ!»

ጎረቤቶቹም ፊቴን አይተው ማልቀስ ጀመሩ። ለታ ጋ ደወልኩና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት። «እማዬ፣ ደህና ነኝ፣ ጋራዥ ነኝ» ሲላት እኔም እሰማለሁ። እስኪጨርስ አዳመጠችው። ስልኩን በእጇ ገፋችው።

«እንደዚህ ነው የሚባለው፣ አንቺንም ደህና ነው ብለንሽ ነበር» አለች።

ለታ ጋራዡን ዘግቶ እየመጣ ነው። ይሄን የምጽፈው ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ነው። እማዬ ቆማ መንገዱን ታያለች። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች።