ለትርንጎ፣ ስለ ልጅሽ የምጥ ገንዳ

እታለም ትርንጎዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር የሰውን ጤና መጠየቅ ወግ ነው ይላሉ። አንቺን ጤና ብጠይቅሽ ግን «ይኼ ቂል፣ ከሞትሁ በኋላ ነው ጤናዬ ትዝ ያለው» ብለሽ እንደምትስቂብኝ ስለማውቅ ዘልዬዋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ሁለት ጥርሴ ወልቋል፤ ወሬዬ ግን ባለበት ነው። ከተለያየን ባለፈው ሚያዝያ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላን።

ወሬ መጠበቅ ስለማትወጂ ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። ልጅሽ ምትኬ ወለደች። ሴት ናት። እናትም ልጅም ደህና ናቸው። አሁን ተረጋግተሽ የቀረውን አድምጪኝ።

እስከ ዛሬ ያልጻፍሁልሽ ፊደል ስላልነበረኝ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የመጣ ጊዜ ሰው ሁሉ ሲማር እኔ «በዚህ ዕድሜዬ ከልጆች ጋር አግዳሚ ላይ አልቀመጥም» ብዬ ቀረሁ። በኋላ ለፊደል ገበታው ክፈፍ እንድሠራላቸው ሰጡኝ። «እንጨቱ ገና አልደረቀም» እያልሁ አንድ ወር አዘገየሁባቸው። ክፈፉን ሳስረክባቸው ፊደሉን ጨርሼ ነበር። አዎ፣ አናጢ ሆኛለሁ። በር፣ አግዳሚ፣ አልጋ፣ የሬሳ ሣጥንም እሠራለሁ። ቤቴ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ነው፤ ምትኬንም እዚሁ አሳደግኋት።

ቁመቷ ያንቺ ነው፤ እልኋም ያንቺው። ተምራ ጤና ረዳት ሆናለች፣ እዚሁ ክሊኒክ ትሠራለች። ባሏ አስተማሪ ነው፤ ወገዳ ስለመደቡት ወጣ ገባ እያለ ነው የሚያያት። እኔን አጎቷን «አያ» ትለኛለች። ሳስቀይማት ደግሞ «አንተ ሽማግሌ» ትለኛለች፤ ይኼንንም ካንቺ ሳትሰማ እንዴት እንደወረሰችው አላውቅም።

እርግዝናዋ ስድስት ወር ሲሞላው አንድ ቀን ከሥራ ገብታ ደብተር አወጣችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። የምጥ ዕቅድ አውጥቻለሁ አለችኝ። በዚህ ዘመን ዕቅድ የሌለው ነገር የለም፤ ለማሽላውም ለመንገዱም ዕቅድ ይወጣል። ለምጥ ዕቅድ ያወጣች ግን እሷ የመጀመሪያዋ ሳትሆን አትቀርም። «ኮታው ስንት ነው?» አልኋት። አልሳቀችም፤ ማንበብ ጀመረች።

ትምህርት ላይ ሳለች አንዲት ሐኪም ነግረዋት ኖሯል። ምጥ የያዛት ሴት ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ብትቀመጥ ወገቧ ይፍታታል፣ ሕመሙም ይቀልላታል። ስለዚህ ምጡ ሲጀምራት ግቢ ውስጥ ትመላለሳለች። ሲበረታባት ሐያት ወገቧን ታሽላታለች። ሐያት አብራት የምትሠራ ነርስ ናት፤ አባቷ እዚህ ገበያው ላይ ጨርቅ የሚነግዱ እስላም ናቸው። ከዚያ ውኃ ውስጥ ትገባለች። ክሊኒኩ የማስታገሻ መርፌ አለው፤ እሱ ግን ሕፃኑን እንቅልፋም ሊያደርገው ስለሚችል ለመጨረሻ ይቆይ፤ ቢሆንም «አቃተኝ፣ ውጉኝ» ያለች እንደሆነ ማንም «ቻዪው» እንዳይላት። ውኃ የሚይዘውን ገንዳ የምሠራው እኔ ነኝ። ውኃውን የማሞቀውም እኔው።

ከዚያ የመጨረሻዋን መስመር ቀስ ብላ አነበበችው። ጠዋት የጀመራት እንደሆነ የቤቱ ጥላ የአጥሩን በር እስኪነካ ካልወለደች፣ ወይም ደም ከበዛ፣ ቃሬዛው ይነሣል፤ ከክሊኒኩም መኪና ተፈልጎ ወደ ደብረ ታቦር ትሄዳለች። የሚሸከሟት አራት ሰዎች ስም ተጽፏል። «ደግሞ አያ፣» አለችኝ ደብተሩን እየዘጋች፣ «እስከ ነገ እንይ የሚል ሰው በዚያ ቀን ደጄ ላይ እንዳላይ።»

ማን እንደነገራት አላውቅም። እኔ አልነገርኋትም።

ትርንጎዬ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ምጥሽ ሁለተኛ ቀኑን ሲይዝ ቃሬዛ ታስሮ ደጅ ላይ ቆሞ ነበር። ሽማግሎቹ «ማርያም ትቀርባታለች፣ እስከ ነገ እንይ» አሉ። አንቺ በበሩ ስንጥቅ እኔን ፈለግሽ፣ ዓይንሽ ለምኖኝ ነበር። እኔ ደግሞ የማውቀው ቀልድ ብቻ ነበረና «ልጁ እንደኔ ሰነፍ ሆኖ ነው፣ ተኝቷል፤ ነገ ይነሣል» አልሁሽ። በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሐል ሳቅሽልኝ። በማግሥቱ ምትኬ ተወለደች፤ ደሙ ግን አልቆመም። እኩለ ቀን ሳይሞላ ሄድሽ።

ሰዉ ለመቀበሪያዋ ሰሌን ይበቃታል ሲል እኔ እምቢ አልሁ። ከጎረቤት ፋስና መሮ ለምኜ፣ የበራችንን ሳንቃ ፈትቼ ሣጥን ሠራሁልሽ። ከዚያ በፊት መሮ በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር። እንግዲህ አናጢነቴ ከዚያ ጀመረ፤ ያስተማረኝም ሰው የለም።

አሁን ስለ መጀመሪያው ገንዳ ልንገርሽና ሳቂ። የጣውላ ገንዳ ነው የሠራሁት። ዓይኔ ሌላ ሌላውን ሲያይ እጄ የለመደውን ሠራ። ርዝመቱ የሰው ቁመት፣ በትከሻ በኩል ሰፋ፣ በእግር በኩል ጠበብ። ስንጥቁን በሰም ደፈንሁት፣ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ አቆምሁትና ሚስማር ፍለጋ ገበያ ወጣሁ።

ያኔ እትዬ ዳሳሽ ይመጣሉ። የሰፈራችን አዋላጅ ናቸው፤ እጃቸው ያልያዘው ሕፃን እዚህ ሰፈር የለም። ገብተው ያንን ነገር ያያሉ። ምትኬ የለችም፣ እኔም የለሁም፣ ሣጥን ግን አለ። ሌላ ምን ይበሉ? ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ወይኔ ልጄን» ብለው ይጀምራሉ። ጎረቤቱ ይሰማል፣ ይመጣል። እኔ ሚስማሬን ይዤ ስመለስ ደጄ በለቀስተኛ ሞልቷል። የእኛ አገር ሰው ለቅሶ ሲያይ መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ማን እንደሞተ በኋላ ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ ማንን ልጠይቅ? በቤቴ ከምትኬ ሌላ ማን አለኝ? መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። እነሱም እኔ ማልቀሴን ሲያዩ የቀረቻቸው ጥርጣሬ ጠፋች።

ለቅሶው በደመቀበት ሰዓት ምትኬ ሆዷን ይዛ ከሥራ ገባች። እሷም ያገሯ ልጅ ናትና ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከሴቶቹ ጎን ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። ትንሽ ካለቀሰች በኋላ ወደ እትዬ ዳሳሽ ጠጋ ብላ «እትዬ፣ ማን ነው የሞተው?» ትላለች። እሳቸው ዕንባቸውን እየጠረጉ «ምትኬ ናታ» አሏት። ቀና ብለው ሲያዩዋት የጮኹትን ጩኸት እስቴ ሁሉ የሰማው ይመስለኛል።

ለቅሶው ወደ ሳቅ ሲዞር ጊዜ አልወሰደም፤ ለቀስተኛውም የመጣው መጥቷልና የነበረንን ጠላ ጠጥቶ ሄደ። ሰው ሁሉ ሲበተን ግን ምትኬ ሣጥኑን ዞራ ዞራ አየችው። «አያ፣ የእናቴም እንዲህ ነበር?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁላት። ጠርዙን በእጇ ዳበሰችና ገባች። እኔ መጥረቢያዬን አመጣሁና ጣውላውን አንድ በአንድ ፈለጥሁት፤ ለማገዶ ከጓሮ ከመርሁት።

ሁለተኛውን ከዋንዛ ግንድ ቦርቡሬ አወጣሁት። እንደ ከብት ማጠጫ ክብ ብሎ ሰፋ ያለ፣ ከማንም ሣጥን ጋር የማይመሳሰል። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ያለፈ ያገደመው ሁሉ ምን እየሠራህ ነው ይለኛል፤ እኔም ለእያንዳንዱ የተለየ መልስ ሰጠሁት። ለአንዱ ጠላ መጥመቂያ፣ ለሌላው የዓባይ መሻገሪያ አልሁት። ለቀበሌው ሊቀመንበር «ጓድ፣ ዘንድሮ ዝናቡ ብዙ ነው ብለውኛል፤ ኖኅም የጀመረው እንዲህ እየተሳቀበት ነው» አልሁት። አልሳቀም፤ በማግሥቱ ግን ሰማይ ሰማይ ሲያይ አግኝቼዋለሁ።

እትዬ ዳሳሽ ቶሎ አልተሸነፉም። ውኃ ውስጥ ከተቀመጠች ብርድ ይገባታል አሉ። ደግሞም «ሔዋን በጭንቅ ትወልጃለሽ የተባለችውን አንቺ በለብታ ልታስቀሪው ነው?» አሏት። ምትኬ «እትዬ፣ በጭንቅ ትወልጃለሽ አላት እንጂ ጭንቁን ጨምሪበት አላላትም» አለቻቸው። እኔም አላስችል ብሎኝ «አዳምም በላብህ ብላ ተብሎ ነበር፤ የሊቀመንበራችንን ግንባር ግን አልቦት አይቼ አላውቅም» አልሁ። እትዬ ዳሳሽ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ሲስቁ እንዳናይ። በኋላ የግድግዳውን ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ የደፈኑት እሳቸው ናቸው። ብርዱ ባይቀር እንኳ በበር ብቻ ይግባ አሉ።

ቀኑ ደረሰ። ምጡ ጎሕ ሲቀድ ጀመራት። ሴቶቹ በእንስራ ውኃ አመላለሱ፤ እኔ ደጅ ላይ ሦስት ጉልቻ ጎልቼ በርሜል ጣድሁ። ማገዶዬ ያ የፈለጥሁት ጣውላ ነበር። ሣጥን የመሰለው እንጨት አንድም ሳይቀር ለልጅሽ ውኃ ማሞቂያ ነደደ። በባልዲ ወደ በር አደርሳለሁ፣ ሐያት ክርኗን ነክራ «ጨምር» ወይም «ይብቃ» ትለኛለች። አንድ ጊዜ አብዝቼ አፍልቼው «አያ፣ ልጅ ልናዋልድ ነው እንጂ ዶሮ ልንነጭ አይደለም» አለችኝ።

ውኃው ውስጥ ስትገባ ድምፅዋ ተለወጠ። ቀድሞ ትጮኽ ነበር፤ አሁን ማቃሰት ብቻ ሆነ። እንዲያውም አንዴ በመሐል «አያ አለህ?» አለች። አለሁ አልሁ። «ቀልድ እንዳትነግረኝ» አለች። አልነገርኋትም። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ አፌን ዘጋሁ።

ዓይኔ ጥላው ላይ ነበር። ከቀትር በኋላ የቤቱ ጥላ ወደ አጥሩ በር መሄድ ጀመረ። ክንድ ሲቀረው ተነሣሁ። ስንዝር ሲቀረው አራቱን ሰዎች ጠርቼ በቃሬዛው ዙሪያ አቆምሁ። ደጅ የነበሩት ሴቶች «ኧረ ትንሽ ይታይ፣ ማርያም እየቀረበቻት ነው» አሉ። ደጅ ከተቀመጡት ሽማግሎችም አንዱ ያችን የማውቃትን ቃል ጀመረ፤ «እስከ...» ሲል ቃሬዛውን ራሴ አንስቼ የቤቱ በር ላይ ደረስሁ። ጥላው የአጥሩን በር ነካ። «ሐያት፣ አውጧት» አልሁ፤ ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

ሐያት አንገቷን ብቅ አደረገች። ፊቷ ላይ ላብ ነበር፣ ፈገግታም ነበር። «አያ፣ ቃልህን ጠብቀሃል። አሁን ቃሬዛውን አስቀምጥ፤ ጭንቅላቷ ታይቷል» አለችኝ። ቃሬዛውን አላስቀመጥሁም፤ እጄ እምቢ አለኝ። እንደያዝሁት ቆሜ ከውስጥ «ማርያም ማርያም» ሲባል ሰማሁ። የሐያትም ድምፅ አብሮ ነበረበት። ከዚያ ሕፃን አለቀሰ።

እዚያው ውኃው ውስጥ ነው የወለደቻት። እልልታው ሦስት ጊዜ ሲሰማ ሴት መሆኗን አወቅን። እትዬ ዳሳሽ ደሙ መቆሙን አይተው፣ ሐያትም የምትኬን ሆድ ዳስሳ አይታ፣ ሁለቱም አንድ ላይ «አለች፣ ደህና ናት» አሉኝ። ቃሬዛው የዚያን ጊዜ ከእጄ ወደቀ። እኔም አብሬው ተቀመጥሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ትንፋሼን ይዤ የኖርሁ ነው የመሰለኝ።

እንኳን ማርያም ማረችሽ ልላት ስገባ ቀኝ እጇን ዘርግታ እያየች ነበር። «አያ፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ ምን ጽፈሃል?» አለችኝ። ሕመሙ ሲመጣ እጅ የሚይዝበት ቦታ ላይ ለማንም ሳልነግር ስምሽን በመሮ ቀርጬው ነበር። ቀኑን ሙሉ እሱን ጨብጣ ኖሮ ፊደሉ መዳፏ ላይ ወጥቷል። መዳፏን ወደ ጉንጯ አስጠጋችው። እኔም ውኃ ልጨምር ብዬ ወጣሁ፤ ገንዳው ውስጥ ውኃ የሚፈልግ ሰው እንደሌለ ትዝ ያለኝ ደጅ ከደረስሁ በኋላ ነው።

ባሏ በሦስተኛው ቀን ከወገዳ ጭቃ ለብሶ ደረሰ። ሕፃኗ ትናንት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች። ካህኑ ሲነክሯት አላለቀሰችም፤ ውኃ ለምዳለች አልኋቸው። ስሟን «ገንዳዬ» እንበላት ብዬ ነበር፣ በአንድ ድምፅ ተሸነፍሁ።

ገንዳው አሁን ቤት አያድርም። ባለፈው ሳምንት የጫማ ሰፊው ሚስት ወሰደችው፣ ዛሬ ደግሞ ወደ ላይኛው ሰፈር በሁለት ሰው ትከሻ ሄደ። እትዬ ዳሳሽ ከኋላው እየተከተሉ «ቀስ፣ ቀስ፣ እንዳትሰነጥቁት» ይላሉ፤ ሐሳቡም የእሳቸው እንደነበረ ያወራሉ። አላስተባብልም።

ትርንጎዬ፣ ተዝካርሽን እንደ አቅሜ አወጣሁ፣ ዓመት በዓመትም ጧፍ አበራልሻለሁ፤ ይኼንንም አልተውም። ከእንግዲህ ግን ፊደሉ በእጅ ብዛት በደበዘዘ ቁጥር መሮዬን ይዤ ስምሽን መልሼ እቀርጸዋለሁ። የሚይዙት ሴቶች አብዛኞቹ አንቺን አያውቁም። ቢሆንም በጨነቃቸው ሰዓት አንቺን ጨብጠው ይወልዳሉ።

ታናሽ ወንድምሽ፣ ሰነፉ።