«ከአልጋዋ» የምትለው ቃል

ውድ ቁንጫዬ፣

ይህን ስም እንደማትወጂው አውቃለሁ። እየተቆጣሽም ቢሆን አንብቢው፤ ዛሬ ከምነግርሽ ነገር ስሙ ይሻላል።

አዲሱ ዓመት ሊገባ አራት ቀን ቀርቶታል። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ እንደ አምናው የጸሎት ርእሶቹን በፖስታ ይዘውልኝ መጡ። ዓይናቸው ስለደከመ፣ ምእመናን በብጣሽ ወረቀት የጻፉትን እኔ የሱቅ ሰሌዳ ጸሐፊው በትልልቅ ፊደል ካርቶን ላይ እገለብጥላቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ በዋዜማው ጉባኤ ፊት ያነቡታል። ለአንድ ሰው አንድ መስመር ነው።

ማንበብ ጀመርኩ። «ጌታ ሆይ፣ የፊት ለፊቱን ፀጉር ቤት ደንበኞች ወደ እኔ አዙርልኝ።» «የአማቴን ምላስ እሰርልኝ።» አንዷማ ትሕትና እንዲሰጣት ለምና ስሟን በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። አምና እንዲህ ያለውን ሳነብ ከሳቄ ብዛት ቀለም ደፍቻለሁ። ዘንድሮ አቅለሸለሸኝ። ከመካከላቸው ያ ወደ ጎን የሚንጋደደው የእናትሽ ጽሑፍ ብቅ አለ፦

«ጌታ ሆይ፣ ልጄ ስልኬን የማታነሳው ምን በድያት እንደሆነ በአዲሱ ዓመት አሳውቀኝ።»

እናትሽ ምንም አልበደለችሽም። የበደልኩሽ እኔ ነኝ።

አምና ያ እጮኛሽ ጥሎሽ ከሄደ በኋላ ሦስት ወር ከአልጋ አልወረድሽም ነበር። በዋዜማው ጎትቼ ያስነሳሁሽ እኔ ነኝ። «አጎቴ፣ ፀጉሬን እኮ አልተሠራሁም» ስትዪኝ፣ «እግዜር ፀጉር አስተካካይ አይደለም፤ ነይ» አልኩሽና ሳቅሽ። እናትሽ ሆስፒታል ተረኛ ስለነበረች ሁለታችን ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሽማግሌው የእናትሽ ተራ ሲደርስ አነበቡ፦ «ጌታ ሆይ፣ በአዲሱ ዓመት ልጄን አንሳልኝ።»

ከፊታችን የነበረው ዳቦ ጋጋሪ ወደ ሚስቱ ዘንበል ብሎ፣ «እናቷንም ሰለቸቻት» አለ። ወንበሩ ሁሉ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ጉባኤው በአንድ ድምፅ «አሜን» አለ። ዞረሽ አየሽኝ፤ እኔም እየሳቅኩ ነበር። በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ከተማውን ለቀሽ ሄድሽ። ለእናትሽ ደፍሮ የነገራት የለም።

የጻፈችው «ልጄን ከአልጋዋ አንሳልኝ» ነበር።

ካርቶኑ ጠበበኝ ልልሽ አስቤ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ለራሴም የነገርኩት ይህንኑ ነው፤ ሰሌዳ ጸሐፊ ፊደል መቆጠብ ልማዱ ነው እያልኩ። ውሸት ነው። «ከአልጋዋ» አምስት ፊደል ናት፤ ቦታ ነበራት። ብሩሼን እንደያዝኩ «አንሳልኝ» ለሁለት ነገር እንደሚሆን አየሁ፤ የወደቀን ደግፎ ለማቆምም፣ ቆሻሻን ከፊት ለማስወገድም። ሰው ይስቅልኛል ብዬ ቃሏን ቆርጬ ጣልኳት። አንቺ ትሰሚዋለሽ ብዬ አላሰብኩም፤ ጎትቼ ሳመጣሽ ደግሞ ጨርሶ ረስቼው ነበር።

እናት ለእግዚአብሔር ከጻፈችው ላይ ቀልድ ቆርጬ አወጣሁ። ከዚያ ዓመት ሙሉ አፌን ዘግቼ ሰሌዳ ስጽፍ ከረምኩ። ባለቀይ እስክሪብቶዋ ከእኔ ትሻላለች። ራሴን ተጸየፍኩት፤ ሳቄን ራሱ ስሰማው ይቀፈኛል።

ትናንት ለእናትሽ ነገርኳት። አንሶላ እያጣጠፈች ነበር።

«ስንት ፊደል ናት?» አለችኝ።

«አምስት።»

ያጠፈችውን አንሶላ ዘርግታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች። «ጋሼ፣ ጻፍላት» አለችኝ። «ደግሞ እንዳታሳጥረው።»

ለዚህ ነው ይህ ሁሉ የረዘመው።

የዘንድሮውን ካርቶን በራሴ ጸሎት ጀመርኩት፦ «ጌታ ሆይ፣ አምና የእህቴን ልመና ለሳቅ ብዬ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ፤ ልጃችንንም ወደ ቤቷ መልስልን።» ሽማግሌው አይተው፣ «አንተ ሰው፣ ይህ እኮ ሦስት መስመር ነው» አሉኝ። «ይሁን፤ እኔው ቆሜ አነበዋለሁ» አልኳቸው። ዳቦ ጋጋሪው ካሰኘው ይሳቅ።

የአምናዋን ብጣሽ ከቀለም ቆርቆሮዎቼ ሥር ደብቄያት ነበር፤ አብሬ ልኬልሻለሁ። ገልብጠሽ ጀርባዋን በጣትሽ ዳብሺው። እናትሽ «ከአልጋዋ» ስትል እስክሪብቶውን ስለተጫነችው ወረቀቱ አብጧል።

ኋላ ወንበር ላይ ቦታ እይዝልሻለሁ። ባትመጪ አልቀየምሽም፤ እኔን ለማየት መቸኮል የለብሽም። ለእናትሽ ግን ስልኩን አንሺላት። አጭርም ቢሆን ይበቃታል፤ ከእንግዲህ ማሳጠር የሚፈቀደው ለአንቺ ብቻ ነው።

የእናትሽን ቃል የበላው አጎትሽ፣
ሰሌዳ ጸሐፊው