አባዬ ምላጩ ላይ ያፏጨ ዕለት

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ለእታለም፤

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አለሽልን? ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? ልብስ ማጠቢያ ቤቱ አሁንም ቀኑን ሙሉ በቁምሽ ያውልሻል ወይስ አለቃሽ ቃሏን ጠብቃ ወንበር ሰጠችሽ? ባለቤትሽ ደህና ነው? ትልቋ ልጅሽ መነጽሩን ለመደችው? ትንሹስ ጥርስ በቀለለት? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ይህችን ቃል ባለፉት ሦስት ደብዳቤዎቼም ጽፌልሻለሁ፤ ያን ጊዜ ውሸቴን ነበር፣ ዛሬ እውነቴን ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። በየእሑዱ ስትደውዪ አባዬ አንዴ ተኝቷል፣ አንዴ ገላውን እየታጠበ ነው፣ አንዴ ጎረቤት ሄዷል ስልሽ አራት ወር ሞላኝ። በመጨረሻ «ሰው አራት ወር ሙሉ ይታጠባል? ርቄ በመቅረቴ ተቀይሞኝ ከሆነ ንገረኝ» ብለሽ አለቀስሽ። አልተቀየመሽም። አባዬን ስትሮክ መቶት ነበር። ቀኝ እጁ ዛለ፣ አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፣ ንግግሩም ከእማዬ በቀር ለማንም የማይገባ ሆነ። ሐኪሙ በርትቶ ከሠራበት ይመለሳል ብሎናል። አባዬ ግን ስልክሽ በጮኸ ቁጥር ብርድ ልብሱን እስከ ግንባሩ ይስባል፤ ልጄ ይህን ድምፅ አትሰማም ብሎም በተኮላተፈ አፉ አስማለን። ማልን። አሁን መሐላውን ራሱ አንስቶልኛል፤ እንዴት እንዳነሳው ካልጻፍኩልሽ ደግሞ እፈነዳለሁ።

ምላጩን ታስታውሺዋለሽ። የክለባችን የቢጫዎቹ የግራ መስመር አጥቂ፣ ተከላካዮችን እንደ ወረቀት እየቀደደ የሚያልፈው። ኳስ የማትወጂው አንቺ እንኳን ፎቶውን ደብተርሽ ላይ ለጥፈሽ ነበር። በኋላ ከድልድዩ ማዶ ላሉት ለሰማያዊዎቹ ፈረመ፤ አባዬም ያንኑ ቀን ደብተርሽን ከነሒሳቡ ቀደደው። በዚያው ዓመት ምላጩ በመጨረሻዋ ደቂቃ አገባብን። አገባና አልጨፈረም፤ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። አባዬ እስከ ዛሬ ያልማረው ይህን ነው። «ቢጨፍር ጠላት ነው ብዬ እተወው ነበር። እሱ ግን አዘነልን እኮ!» ይላል። ቢጨፍርም አይተወውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ኳስ የምላጩን እግር በነካች ቁጥር ስታዲየሙ በሙሉ ያፏጭበት ጀመር። ከሁሉ በላይ የሚሰማው አባዬ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ የሚለቀው ፉጨት ነበር። ታውቂዋለሽ፤ እኛንም ከሦስት መንገድ ማዶ ለእራት ይጠራን የነበረው እሱው ነው።

ምላጩ ጉልበቱ ተጎድቶ ኳስ ካቆመ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ፉጨቱ ግን አላቆመም። ዳቦ ሊገዛ ሲሰለፍ ያፏጩበታል። በሠርጉ ቀን የሙሽራ መኪናው ስታልፍም አፏጭተውበታል። የአባዬ የስታዲየም ጓደኛ፣ ጸጉር አስተካካዩ፣ ሱቁ ውስጥ በሰቀለው የዋንጫ ፎቶ ላይ የምላጩን ፊት በቁስል ፕላስተር ሸፍኖታል፤ በተላጠ ቁጥርም አዲስ ይለጥፍበታል። ለአንድ ቁስል ያን ያህል ፕላስተር የፈጀ ሰው አላየሁም።

ታዲያ የቁልፍ መቅረጫ ሱቄን ዘግቼ፣ ከእማዬ ጋር አባዬን ግራና ቀኝ ደግፈን ክሊኒኩ ስንገባ፣ ነጭ ጋውን ለብሶ የተቀበለን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አባዬ አየው። ቀኝ እጁን ወደ አፉ ሊያነሳ ታገለ፤ ከሆዱ አላለፈችም። ያለ ጣት ነፋ፤ የወጣው ትንፋሽና ምራቅ ብቻ ነበር። ይህን ጊዜ፣ ከሦስት ሳምንት ጉርምርምታ በኋላ፣ አንድም ፊደል ሳይጎድለው «ከሃዲ!» አለ። ምላጩ ፊቱን በመሐረብ ጠረገና ወደ እማዬ ዞሮ «እናቴ፣ ከታመሙ ወዲህ እንዲህ ጥርት ያለ ቃል ተናግረው ያውቃሉ?» ሲል ጠየቃት። እማዬ «የመጀመሪያው ነው!» ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እሱም ካርዱ ላይ «ከሃዲ፦ በጣም ጥሩ» ብሎ ሲጽፍ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሌላ ባለሙያ ይቀየርልን ብንል ያለችው አንዲት ናት፣ እሷም ወልዳ እረፍት ላይ ነች አሉን። አባዬ ወረቀት አስመጣና በግራ እጁ የመጨረሻ ቃሉን ጻፈ፦ «በእጁ ይንካኝ። በእግሩ ግን እንዳይነካኝ።» ምላጩ አንብቦ ተስማማ።

ከዚያ በሳምንት ሦስት ቀን አራተኛ ፎቅ ድረስ እየወጣ ቤት ይመጣ ጀመር። ሌላ ሰው ቢሆን ከንፈርዎን ሰብስቡ፣ ሻማ አጥፉ ይላል። እሱ ጋውኑን ይከፍትና ከውስጥ የለበሰውን የሰማያዊዎቹን ማሊያ ያሳየዋል። «አባቴ፣ ሁለት ጣት፣ ከንፈር ገጠም፣ ንፉ! አሥር ጊዜ። ከሰነፉ ጎሏን እደግምልዎታለሁ» ይለዋል። ይደግምለታልም። የእማዬን ሽንኩርቶች ጠረጴዛው ላይ ተከላካይ አድርጎ ይደረድርና በመድኃኒት ብልቃጥ ክዳን እንደገና ያገባብናል። አባዬ በንዴት ይነፋል። እጁ መጀመሪያ ደረቱ፣ ቀጥሎ አንገቱ፣ በሦስተኛው ወር አገጩ ጋ ደረሰች። እማዬ ከማድቤት ሆና «ይህ ሰው ወይ ያድነዋል፣ ወይ ይገድለዋል» ትላለች።

ጣጣው የመጣው ከታች ነው። ጸጉር አስተካካዩና ሌላው የአባዬ የስታዲየም ጓደኛ አናጢው ደረጃው ላይ ተቀምጠው ምላጩ በወጣ በወረደ ቁጥር ያፏጩበት ጀመር። እሱ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም ብሏቸው ያልፋል፤ ይህ ደግሞ የባሰ አናደዳቸው። አንድ ቀን የብስክሌቱን ሁለቱንም ጎማ አስተነፈሱ። እሱም በዝናብ ብስክሌቱን እየገፋ ሄደ፤ ሳምንቱንም ሙሉ ሳይመጣ ቀረ። አባዬ መስኮቱ ላይ ሙጭጭ አለ። አገጩ ጋ ደርሳ የነበረችው እጅ ወደ ደረቱ ተመለሰች። እታለም፣ ያን ሰሞን እውነቱን ጽፌ ልልክልሽ ሁለት ጊዜ ብዕር አንስቼ አስቀምጫለሁ።

በስምንተኛው ቀን ጸጉር አስተካካዩ እንደ ልማዱ የአባዬን ጢም ሊላጭ መጣ። አንዱን ጉንጭ ጨርሶ ሁለተኛውን አረፋ እየቀባ «አባረርንልህ አይደል!» ሲል ጎረረ። አባዬ ከወንበሩ ተነሳ። በራሱ ተነሳ እልሻለሁ! ከነአረፋው «የኔን ከሃዲ ማን ንኩት አላችሁ?» አለው። አምስት ቃል፣ በአንድ ትንፋሽ! እኔና እማዬ ተያየን። ሰውዬውን ከነመቀሱ አስወጣው፤ ምላጩ ካልተመለሰ ያችን ግማሽ ጢም ማንም አይነካትም አለ። በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ጀግኖች የጎማ መንፊያ ይዘው ክሊኒኩ በር ላይ ቆሙ። ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ ጎማዎቹን ግን ሊፈነዱ እስኪደርሱ ነፉለት።

ባለፈው ሐሙስ ምላጩ መጣ። ደረጃው ጭር ብሏል። በሩን ከፈትኩለት፤ ጋውኑን ገና ሳይፈታ፣ ግማሽ ጢሙን ያንጠለጠለው አባዬ ቀኝ እጁን አነሳ። ደረቱን አለፈች። አንገቱን፣ አገጩን አለፈች። ሁለቱ ጣቶች ከንፈሩ ውስጥ ገቡ፤ ነፋ። የብርጭቆ መደርደሪያው ነዘረ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሕፃን ማልቀስ ጀመረ፣ ጸጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ከነፎጣው ጥሎ መንገድ ላይ ወጣ። ምላጩ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። የተቀየመ መስሎኝ ጠጋ ብል እየሳቀ ነው፤ ጉንጩ ግን እርሷል። «ይህን ድምፅ በሕልሜ እየሰማሁ ስንት ጊዜ ባንኛለሁ! ለምኜ አስነፋዋለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም» አለ። አባዬ ትንፋሹን ሰብስቦ «ይቅር... አላልኩህም» አለው። ምላጩም «እኔስ መቼ ጠየቅኩዎት? ማክሰኞ ደረጃ መውረድ እንጀምራለን» ብሎ ተነሳ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም የለንም። ሻይ ሲዘገይ ያፏጫል፤ ዜና አንባቢው ላይ ያፏጫል። ንግግሩ አሁንም ይጎተታል፣ አንዳንድ ፊደልም ያሰናክለዋል። ትናንት ግን ስላንቺ ሳነሳበት «ያ ከሃዲ የሰማውን ድምፅ ልጄን ልከለክላት?» አለኝ። መሐላው በዚህ ተነሳ።

እማዬ ወገብሽን በሞቀ ውኃ ያዥው ብላ ሰላም ትልሻለች፤ ባለቤትሽን፣ ባለ መነጽሯንና ባለ ጥርሱንም ሳሚልኝ ብላለች። አናጢው ሰላም ብሎሻል። ጸጉር አስተካካዩም እንዲሁ፤ ያችን ግማሽ ጢም ላጭቶ ታርቋል፣ ፕላስተሩን ግን አላነሳም። ምላጩ የደብተርሽን ታሪክ ሰምቶ ፎቶውን ፈርሞ ልኮልሻል፣ ፖስታው ውስጥ ታገኚዋለሽ። አባዬ አገላብጦ አየው፤ አልቀደደውም። ቴምብሩን ፊቱ ላይ ልለጥፈው ሲል ግን ነጠቅኩት።

የአባዬን ሰላምታ እዚህ አልጻፍኩም። ራሴ እነግራታለሁ ብሏል። እሑድ ስትደውዪ ስልኩን የሚያነሳው እሱ ነው፤ ሃሎ ከማለትሽ በፊት ከጆሮሽ አንድ ክንድ አርቂው። እራት ቀርቧል ማለቱ ነው።

ወንድምሽ

ከአራተኛ ፎቅ፣ ከአባዬ መስኮት አጠገብ
መጋቢት 11 ቀን