ትርፉ ሳህን

ሮም፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለዘርፈሽዋል። ይህ ወረቀት አንቺንም ልጆቹንም በደህና ያግኝልኝ። እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ።

ትናንት የፈረንጆች ገና ዋዜማ በመሆኑ ምግብ ቤቱ ሁሉ ዘግቶ፣ ቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ አጠገብ አንዲት ፖላንዳዊት ከእናቷ ጋር ከምትሠራበት ጠባብ ምግብ ቤት ገባሁ። የቀረበልኝ የቀይ ሥር ሾርባ ቀዝቅዞ ነበርና አሙቀው እንዲያመጡት መለስኩት። ፊት ለፊቴ ደግሞ ሰው በሌለበት ሳህን ተቀምጧል።

"ሲኞራ፣ ይህን አንሱልኝ፤ ጋዜጣዬን የማኖርበት አጣሁ" አልኳት።

"አይነሳም ፕሮፌሶሬ። በዚህ ቀን ለሌለ ሰው ሳህን ማስቀመጥ ልማዳችን ነው። ዘንድሮ የወንድሜ ነው፤ ዋርሶ ላይ ወታደሮች ወስደውታል።"

"ታዲያ ባዶ ሳህን ምን ይረባዋል? ሾርባ ጨምሩበት!"

"ሲቀዘቅዝ እንደ እርስዎ እኛኑ ሊቆጣ!" አለች እናቲቱ እየሳቀች። ጨመሩበት።

ሊዘጉ ሲሉ ልጅቷ ሳህኑን እንደሞላ ወደ ወጥ ቤት ልትመልሰው አነሳችው። ከእጇ ተቀበልኩና የቀዘቀዘውን ሾርባ ቆሜ ጠጥቼ ባዶውን ሰጠኋት።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልመለስ። በፊት ለወንድማችን ለግዛቸው እስር ቤት ስለምትወስጂው ምሳ ዕቃ "ዛሬም በልቶ ባዶውን መለሰልኝ" እያልሽ ትጽፊልኝ ነበር። አሁን አሁን ስለ ጤፍ ዋጋና ስለ ጣራው ማፍሰስ ብቻ ሆኗል። የምሳ ዕቃው ክዳን ላልቶ እንደሆነ ከፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ አዲስ ገዝቼ እልካለሁ፤ ባዶውን ይመለስ እንደሆነ ብቻ ጻፊልኝ።

በአንድ ማዕድ ዙሪያ፣ ሳንጎድል ያገናኘን።

ወንድምሽ ተክለጻድቅ