አሜባ አይደለም፣ መኮንን

መኮንኔ፣ ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። እንዴት ሰነበትክ ብዬ ልጀምር አልኩና ሳቄ መጣ። ሳላማርር የዋልኩበትን ቀን ስለማታውቅ ቀጥታ ወደ ስሞታዬ ልግባ።

ያ ሆዴን የሚቆርጠኝ፣ ደም የሚያስቀምጠኝ ነገር አሜባ አይደለም። ከጭነት ስትመለስ ስንቴ ነው ከጥጉ ፋርማሲ የአሜባ ኪኒን ገዝተህ የመጣኸው! ሲሻለኝ ትኮራለህ፤ ሲመለስብኝ ደግሞ አብረን ሰላጣውን እንረግማለን። ሳንመረመር ሁለታችንም ዶክተር ነበርን። አልፈርድብህም፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያደርገው ይኸንኑ ነው። አሁን ግን ሐኪሞች በመሣሪያ ውስጤን አዩት፤ ትልቁ አንጀቴ ቆስሏል። በሽታ እንዲከላከል የተፈጠረው የሰውነቴ ኃይል ተሳስቶ የገዛ አንጀቴን ነው አሉ የሚያጠቃው። ጨርሶ አይጠፋም፤ በመድኃኒት ግን ይያዛል። ለክትትል ስመላለስ ከቃሊቲ እስከ ሳሪስ መፀዳጃ የሚያስገቡኝን ካፌዎች በቃሌ ይዣቸዋለሁ።

በጣም ከስቻለሁ። ስፌት ፋብሪካ አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች ሹክሹክታ ጀመሩ፤ ኤች አይ ቪ ነው፣ ባሏም በሱ ነው የሞተው አሉ። አንተ መሪ እንደያዝክ ልብህ ቀጥ ብሎ የሞትክ ሰው! እኔን ቢያሙኝ ግድ የለኝም፤ ያንተን ስም ሲያነሱ ግን ደሜ ፈላ። እኛ ጋ መፀዳጃ ለመሄድ አለቃችን ጠረጴዛ ላይ ያለችውን የእንጨት ቁራጭ መያዝ ግድ ነው፤ ለሠላሳ ሴት አንድ ናት። ቁራጯ እስክትመለስ ማንም አይነሳም። እንዳልዋረድ ብዬ ቁርስም ምሳም ሳልቀምስ እውል ነበር። አንድ ማክሰኞ ማሽኔን አቁሜ ተነሳሁና ጮክ ብዬ ነገርኳቸው፤ የታመመው አንጀቴ ነው፣ አይጋባም፣ ባሌን የገደለው ልቡ ነው፣ ከእንግዲህ ሲመጣብኝ ቁራጯን አልጠብቅም። የሐኪሙን ወረቀት አለቃችን ፊት አስቀምጬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሹክሹክታውም ቀረ።

በዚህ ጀግኜ በሌላው ግን ሞኝ ሆንኩልህ። መጀመሪያ የሰጡኝ መድኃኒት ፊቴን እንደ ድፎ ዳቦ ነፋው። እናትህ ደግሞ ኪኒኑን ትቼ ጠበሉን ብቻ እንድይዝ ለመኑኝ። ሻል ሲለኝ በገዛ እጄ አቆምኩት። ሐኪሙ በአንዴ አይቆምም ብሎኝ ነበር፤ ማን ሰምቶት! ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ልጃችን ሰላም ደም በደም ሆኜ ከወለል አነሳችኝ። አባቷን የቀበረች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ! ያን ቀን ኪኒን ዳግም ላላቋርጥ ወሰንኩ።

አሁን ሌላ፣ ጠንከር ያለ ኪኒን ታዞልኛል። ያንን የተሳሳተ ኃይል ያበርደዋል፤ ለሌላ በሽታ ግን ሊያጋልጠኝ ይችላል። ደሜ በየጊዜው ይመረመራል፤ ሥራውን ለመጀመርም ወራት ይፈጅበታል። ጭራሽ ካልሠራ አንጀቴ በቀዶ ጥገና ይወጣል። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽህም። ሆኖም ሰኞ እጀምራለሁ፤ እስከዚያ የመጀመሪያውን እየዋጥኩ ነው። ጠበሉንም አልተውኩ፤ የንስሐ አባቴ ሁለቱም ከእግዚአብሔር ነው ብለውኛል። እናትህ አኩርፈው ሰነበቱ፤ አሁን ኪኒንሽን ዋጥሽ ወይ እያሉ የሚጨቀጭቁኝ እሳቸው ሆነዋል።

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። በቀብርህ ዕለት ሣጥንህ ላይ ተደፍቼ ይዘኸኝ ሂድ ብዬ ስጮህ ሰው ሁሉ ሰምቷል። አንተም ሰምተህ ከሆነ፣ ያንን ቃሌን አንስቻለሁ። በየዓመቱ እዘክርሃለሁ፤ ማን እንደነበርክ ለሰላም ልጆች እኔው በአፌ እነግራቸዋለሁ። ትናፍቀኛለህ፣ በጣም ትናፍቀኛለህ። ግን አልመጣም። ታገስ እንግዲህ የኔ ጌታ፣ ብዙ ልትጠብቀኝ ነው።

ያንተዋ ዘነበች