ለሎሳሊኔ አንድ ሰው

ለማከብርዎ ታላቅ እህቴ ለእትዬ ላታይ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚያስነክስዎ ጉልበትዎስ ተሻለው? ማዕበሉ ጋብ ብሎላቸው ባለቤትዎ ጋሼ ሳሚዩ ወደ ዓሣቸው ተመለሱ ወይ? የተከላችሁት ቦዬስ ያዘ? እኛ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና በሕይወት አለን። የዚህ አገር ብርድ ግን አይጣል ነው፤ ጠዋት ወይን ስንገርዝ መቀሱ ከጣቴ ጋር ተጣብቆ የሚቀር ይመስለኛል።

ይህን በስልክ ያልነገርኩዎ እኛ ቤት ምስጢር ስለማያድር ነው። አማቴ እማማ ሴይኒ ስልክ በያዝኩ ቁጥር አጠገቤ ተቀምጠው፣ ያላልኩትን ጭምር ይሰማሉ። ነገሩ እርስዎ ስም ያወጡላት የልጄ የሎሳሊኔ ነገር ነው። እንደሚያውቁት የምትተነፍሰው አንገቷ ላይ በገባው ቱቦ ነው፤ የምትመገበውም ሆዷ ላይ ባለው። የአንገቷ ቱቦ በአክታ ሲደፈን ቶሎ በመምጠጫው ማሽን ካልተጠረገ ትታፈናለች። ስለዚህ ትምህርት ቤት ልትገባ ስትል፣ ከእሷ ላይ ዓይኑን የማይነቅል፣ የእሷ ብቻ የሆነ አንድ ሰው እንዲመደብላት ጠየቅን።

ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አንዲት ሴት ቤታችን መጥታ ልታያት ቀጠሮ ያዘች። እንግዳ ይመጣል ከተባለ እኛ ቤት ምን እንደሚሆን ያውቃሉ። ባለቤቴ ኢላይሳኔ ቤቱን አጠበች፣ እማማ ሴይኒ ጥሩውን ምንጣፍ አነጠፉ፣ እኔ አሳማ ጠበስኩ። ሎሳሊኔን ነጭ ቀሚስ አልብሰን፣ እንደ ደሴታችን ወግ ወገቧን የክብር ሰሌን አስታጥቀን፣ ሴትዮዋ በሩን ልታንኳኳ ስትል ቱቦዋን ጠርገን አስቀመጥናት። እንግዳ እየበላ አክታ የሚመጥ ነገር ማየት የለበትም ብለው እማማ ሴይኒ ማሽኑን አልጋ ሥር ከተቱት። ሴትዮዋ በጣም የሚከብዳችሁ ምንድን ነው ብላ ጠየቀች።

«ኧረ ምንም! ቤቱ ሙሉ ሰው ነው፣ ሁላችንም እናያታለን፤ እሷም ብትሆን አታስቸግርም» አሉ እማማ ሴይኒ። እኔም አዎ አዎ እያልኩ ከጎድኑ ጨመርኩላት። ለመጣ እንግዳ ችግር መዘርገፍን ከማን ተምረን! ሴትዮዋ በጎደሬ ቅጠል የተጠቀለለ ሥጋ ተሸክማ፣ እጃችንን ጨብጣ፣ ደስ ብሏት ሄደች። ለጽሕፈት ቤቱም ያየችውን ነው የተናገረችው። ለሎሳሊኔ የተፈቀደላት ለሦስት ልጆች አንድ ረዳት ሆነ።

ብዙም አልቆየ። ረዳቷ አንዱን ልጅ ወደ መጸዳጃ ቤት ይዛ ወጣች፤ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ያላት ሁለት እጅ ብቻ ነው። በዚያ መሃል ቱቦው ተደፈነ። ሎሳሊኔ መጮህ አትችልም። ጠረጴዛውን በእጇ ስትመታ ሌሎቹ ልጆች የምትጫወት መስሏቸው አብረዋት መቱ። ኢላይሳኔ ልቧ አላርፍ ስላላት ከግቢው ውጪ መኪና ውስጥ ነበር የምትውለው፤ መምህሩ እየሮጠ መጥቶ ጠራት። ስትደርስ የልጄ ከንፈር ጠቁሮ ነበር። እንዴት እንደተረፈች አምላክ ያውቃል።

ከዚያ በኋላ ቤት ዋለች። የጎረቤት ልጆች ቦርሳቸውን አንግበው ሲያልፉ በመስኮት ታያቸዋለች፤ እኔ ደግሞ እሷን ላለማየት በጓሮ እወጣ ነበር። በመጨረሻ አቤቱታችንን የሚሰማ ስብሰባ ተጠራ። ከሆስፒታል የምትከታተላት ነርስ ብሪጂድ ለብቻዬ ጠርታ፣ «ሴሚሲ፣ ስለ ደህናው ቀኗ እንዳታወራ። ስለ ክፉው ቀን ተናገር። እዚያ ጨዋ ልሁን ብትል የምትጎዳው ልጅህ ናት» አለችኝ።

እማማ ሴይኒ ቀብር ሄደው ስለነበር ሎሳሊኔን የሚይዝልን ጠፍቶ ይዘናት ገባን። ጥግ ላይ ተቀምጣ ሥዕል ትሥላለች። አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። ልጄን በባዕድ ፊት ገላልጬ አቆምኳት፤ ስለ ሽንቷ፣ ስለ ትውከቷ፣ ጥሏት ስለምትንፈራገጥበት ጊዜ፣ ምንም ሳላስቀር። ከሰብሳቢዎቹ አንደኛዋ፣ «ቤት ውስጥ ግን ደህና ናት ተብሎ ነበር» አለች።

«ብቻዋን ከተዋችኋት ትሞታለች» አልኳቸው። «ሌላ የምለው የለኝም። ትሞታለች።»

ፈቀዱ፣ እትዬ። ቀኑን ሙሉ የእሷ ብቻ የሆነ፣ የሠለጠነ ሰው ፈቀዱ። እኔና ኢላይሳኔ መኪና ውስጥ አንዴ ስናለቅስ አንዴ ስንሥቅ ሎሳሊኔ ሥዕሏን ይዛ ከኋላ ታየን ነበር።

ባለፈው ሰኞ አዲሷ ረዳት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተቀበለችን። ጆይስ የምትባል ደርባባ ሴት ናት። ቁጢጥ ብላ ስሟን ነገረቻትና አንቺስ ማን ትባያለሽ አለቻት። ልጄ ለመናገር እንደምታደርገው ጣቷን ቱቦዋ ላይ አድርጋ፣ በዚያች በሹክሹክታዋ፣ «ሎሳሊኔ እባላለሁ። ብቻዬን ከተውሽኝ እሞታለሁ» አለቻት። ልክ የአባቷን ስም እንደምትጨምር ነው ያለችው። ጆይስ ቀና ብላ አየችኝ። መሬት መሬቱን አየሁ።

የለመንኩትን አገኘሁ፤ ልቤ ግን ተሰብሯል። ከአጎቷ ልጆች ሁሉ ቀድማ ማንበብ እንደቻለች እዚያ ክፍል ውስጥ አልተናገርኩም። ካርታ ስንጫወት እማማ ሴይኒ ሲያጭበረብሩ የምትይዛቸው እሷ ብቻ እንደሆነች አልተናገርኩም። ብናገር ይከለክሉናል ብዬ ፈራሁ። ትናንት አጠገቤ አስቀምጬ፣ ያን ያልኩት የሚጠብቅሽ ሰው እንዲሰጡን ብዬ ነው አልኳት። «ውሸት ነበር?» አለችኝ። ውሸት ቢሆንማ ይቅርታ ጠይቄ እገላገል ነበር።

እትዬ፣ በልጆቼ ላይ ከእኔ ከአባታቸው ቃል ይልቅ የአክስታቸው የእርስዎ ቃል ይከብዳል፤ ወጋችን ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ይደውሉላትና ማን እንደሆነች ይንገሯት። እኔ መጀመሪያ የነገርኳት ሞቷን ነው፤ እርስዎ ሌላውን ይንገሩልኝ።

ጋሼ ሳሚዩን ከልብ ሰላም ይበሉልኝ። ልጅዎ ፊኔአሲ ጀልባውን ጠግኖ ከሆነ ጎበዝ ይበሉት። ሚስቱን ቱፖን እንኳን ማርያም ማረችሽ ብለውሻል ይበሏት፤ ሕፃኑንም ይሳሙልን። ኢላይሳኔ እጅ ትነሳለች፤ እማማ ሴይኒም እንዲሁ።

ሲደውሉ ስልኩን ለእኔ አይደለም፣ ለእሷ ስጧት ይበሉ። ድምፅዋ ትንሽ ናትና ጸጥ ያለ ቦታ ሆነው ይስሟት።

ታናሽ ወንድምዎ ሴሚሲ
ሚልዱራ፣ አውስትራሊያ
ጁላይ 21 ቀን 2019