ቁጥሩ የገጠመው ፋይል

ውድ እህት ዓለም፣

ይህን የምጽፍልሽ ከአባባ አልጋ ራስጌ ተቀምጬ ነው። አንድ ዓይኔ ወረቀቱ ላይ፣ አንዱ ደግሞ መድኃኒቱን በልክ የሚያንጠባጥብለት ማሽን ላይ ነው። ፈርቻለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ፈሪ እያልሽ ስታሾፊብኝ ኖረሻል፤ ዛሬ ብታዪኝ ግን የምትስቂ አይመስለኝም።

ማሽኑን ታውቂዋለሽ። ውስጡ ያለው ፕሮግራም አንቺና እኔ አንድ ቢሮ እያለን የሠራነው ነው። ከትናንት ወዲያ ጎረቤት አልጋ ላይ የተኙት ሽማግሌ ማሽን ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ቀጥ አለ። ነርሷ ደርሳ አተረፈቻቸው። የአባባ ማሽንም ያንኑ ፕሮግራም ነው የያዘው። ሌላ ቀይሩልኝ ብል የለም አሉኝ፤ መድኃኒቱም በእጅ የሚለካ ዓይነት አይደለም። ነርሶቹ እየተፈራረቁ ያዩታል።

የሚቀጥለውን የምጽፈው አንቺን ላስተምር ብዬ አይደለም። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ አጎታችን ከፍቶ ማንበቡ ስለማይቀር እሱም ይግባው ብዬ ነው። አጎቴ፣ ለሆስፒታል የምንልከው ፕሮግራም እንዲቀል ተብሎ ማብራሪያው ይነጠልለታል። ማብራሪያው፣ ማለትም ማሽኑ ሲቆም የቱ የኮድ መስመር ላይ እንደቆመ የሚናገረው ፋይል፣ ለብቻው እኛ ጋ ይቀመጣል። ፕሮግራሙና ፋይሉ አብረው ከተሠሩ አንድ መለያ ቁጥር አላቸው።

የብልሽቱ ሪፖርት ሲደርሰን አለቃችን በቨርዥኑ፣ ማለትም በፕሮግራሙ እትም ስም ፈልጎ አንድ ፋይል አገኘ። ፋይሉ የባትሪውን መስመር ጠቆመ። ሁሉም እፎይ አለ፤ የእኔም ነፍስ መለስ አለች። ማስተካከያውን ሊልኩት ሲሉ የፋይሉን መለያ ቁጥር አየሁት። ከማሽኑ ፕሮግራም ቁጥር ጋር አይገጥምም። ለካ አንዱ ያንኑ ቨርዥን በዚያው ስም እንደገና ሠርቶት ኖሯል። የማይገጥም ፋይል ደግሞ አላውቅም አይልም፤ በልበ ሙሉነት የተሳሳተ መስመር ያሳይሻል።

አለቃችን ስሙ አንድ ከሆነ ለምን ታደርቂናለሽ አለኝ።

«የምትጭኑት እኮ አባቴ ማሽን ላይ ነው» አልኩት። ማስተካከያውን መላኩን አቆመ።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ማንም ያልነካውን የፋይል ክምር ኮምፒውተሩ አንድ በአንድ እየከፈተ የእያንዳንዱን ፋይል ቁጥር እንዲያነብና በዚያ እንዲያደራጀው አደረግሁ። ቁጥሩ የሚገጥመው ባይገኝስ እያልኩ ጠበቅሁ። ተገኘ። «የነካ ወዮለት» ብለሽ የሰየምሽው ፎልደር ውስጥ ነበር። እየሳቅሁ አለቀስኩ።

ግን ፋይሉ የጠቆመው አንቺ የጻፍሽውን መስመር ነው። ማሽኑ የመድኃኒቱን መጠን ከሚለካው ሴንሰር መልስ እስኪመጣ እንዲጠብቅ ያዘዝሽበትን። መልሱ ከቀረ ማሽኑ እንደጠበቀ ይቀራል፤ የማስጠንቀቂያው ድምፅም ከኋላው ታግቶ ይቀራል። ከመስመሩ በላይ ደግሞ ራስሽ እንዲህ ብለሽ ጽፈሻል፤ «ይህን እንዳታነሱት፣ ያለሱ መድኃኒቱ ከልክ ያልፋል።» ልተወው ብል የአባባ ማሽን ሊቆም ነው። ላንሳው ብል መድኃኒቱ ሊገድለው ነው። ፋይሉ የት እንደሆነ ነገረኝ እንጂ ለምን እንደሆነ አያውቅም። የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።

ከአባባ ጋር ከተኳረፋችሁ ጀምሮ ስልክሽ ዝግ ነው። በሰው ብልክብሽም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለሻል። ለዚህ ነው አጎታችንን የላክሁት።

አባባ አሁን ነቅቶ ለማን ነው የምትጽፊው አለኝ። ለእሷ አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ደህና ነው በያት» አለኝ። «ትደነግጣለች።»

እኔ ግን ደንግጪ ነው የምልሽ። ስልክሽን ክፈቺና ደውይልኝ። እስክትደውይ ድረስ መስመርሽን አልነካውም፤ ከዚህ ወንበርም አልነሳም።

ታናሽሽ